የፕራግ እንግዶች

ፕራግ ከገባች ጀምሮ አማርኛ የሰማችው በስልክ ብቻ ነው። ዝነኛውን የአደባባይ ሰዓት አየች፤ ሐውልት የተደረደረበትን አሮጌ ድልድይ ተሻገረች፤ ፎቶ እንዲያነሳት መንገደኛ ለመነች። ማምሻውን አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ሁሉን አየሁ። ‹አያምርም?› የምለው ሰው ግን የለኝም። እስቲ እማዬን አቅርብልኝ፣ ድልድዩን ላውራላት።»

ወንድሟ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

«ተኝታለች። አንቺ እራት በላሽ? ያረፍሽበት ሆቴል ማን ነው ስሙ?»

ነገረችው።

ሊነጋጋ ሲል በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት የማታውቃቸው አበሾች፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች፣ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ውይ፣ የአገሬ ሰዎች! ግቡ፣ ግቡ! እንዴት አገኛችሁኝ?»

ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።