የጉደታ ደረትና የጃፓኑ ዋሽንት

በየካ ሚካኤል እምላለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠብታ ውሸት የለም። የእንጦጦ ጉም ጉደታን ከሚስቱ ከመምህርት አሳየች ዓይን ሲሰውር፣ የአስም መድኃኒቱ በእሷ እጅ ነበር። አስሙ ሲነሳበት የደረቱ ፉጨት ቀበና ድረስ የሚሰማ ሰው ነውና፣ ቆም ብላ አዳመጠች። ከባሕር ዛፉ መሃል አንድ ረጅም፣ የሻከረ ትንፋሽ መጣ፤ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ደግሞ መጣ። «ጉደታ! መጣሁልህ!» እያለች፣ አንድ ጫማዋን ጭቃው አስቀርቶባት ሮጠች።

ጉደታ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ጃፓናዊ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአገራቸውን የቀርከሃ ዋሽንት ብቻቸውን ይነፋሉ። ለካ ያ ትንፋሽ የሳቸው ኖሯል!

«አንተ ጉድ! እኔ ነፍሴ ልትወጣ፣ አንተ ሙዚቃ ትኮመኩማለህ?» ብላ አንባረቀችበት።

«አይዞሽ አሲዬ፤ አፍኖኝ ነበር» አለ ጉደታ። «እሳቸው ሲስቡ ስስብ፣ ሲለቁ ስለቅ፣ ይኸው ተወኝ።»

ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ፉጨት የሚባል የለም።

እሺ፣ አንዷን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ አንባረቀችበት ያልኳችሁን። አሳየች አጠገቡ ዘፍ አለችና፣ ዋሽንቱን ተከትላ እሷም ትንፋሿን በረጅሙ ሳበች።