ከቁልፎቹ ላይ የተነሡት ቃላት

እናት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ተመለስ» የሚለውን ትፈልጋለች። የለም። ትናንት እዚሁ፣ ከላይ በግራ በኩል ነበር፤ ከጎኑ «አድስ»፣ ከዚያ «አስቀምጥ»። ዛሬ ግን አንድ ቀስት አለ፣ አንድ የተጠማዘዘ ክብ አለ፣ አንድ ኮከብ አለ። ፊደል የሚባል ነገር ድራሹ ጠፍቷል።

«ልጄ፣ ይኼን ላፕቶፕ ምን አደረግሽው?»

«አየሽው?» ልጅቷ ከጓዳ ሳቋ ቀድሟት ትወጣለች፤ እርጥብ እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች። «አዲሱ ነው እማዬ! ገና ለሰው ሳይለቀቅ ያንቺ ላይ ጫንኩልሽ። ቃላቱን በሙሉ አነሣናቸው፤ ሥዕል ብቻ ነው። ከእንግዲህ አትቸገሪም።»

የልጅቷ ሥራ ይኸው ነው። ሰው ኢንተርኔት የሚከፍትበትን ብራውዘር ከሚሠሩት ጋር ተቀምጣ፣ የቱ ቁልፍ የት ይሁን፣ ምን ይምሰል የሚለውን ትወስናለች። እናት ይህን ለጎረቤት ስታስረዳ ምላሷ ይተሳሰራል፤ ኩራቷ ግን አይተሳሰርም።

እናት ዛሬ ልጇን ልታስደንቃት ነበር። የምትሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና፣ ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ሲሮጡ እሷ የጎልማሶች ትምህርት ትገባለች። ለልጇ ትንፍሽ አላለችም። «ሳልደናቀፍ ሳነብላት ትስማኝ» እያለች ከሳምንት ሳምንት አሳደረችው። ቤት ስትገባ መለማመጃዋ መጽሐፍ አልነበረም፤ እነዚህ ከላይ የተደረደሩት ቃላት ነበሩ። አጫጭር ናቸው፣ ከቦታቸው አይሸሹም፣ ሲነኳቸው ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። «ተመለስ» ካለ ይመለሳል። እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ከሰው መሀል እንኳ በስንት ልፋት ነው የሚገኘው።

«ቃላቱ ምን አጠፉ?» ትላለች።

«ቦታ ያጣብባሉ። ደግሞ ሰው አያነብም እማ፤ ሰው ያያል። አለቃዬ መጀመሪያ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ማን እንዳሳመነው ታውቂያለሽ? አንቺ!»

«እኔ? ሰውየውን የት አውቄው?»

«ቆይ፣ ላሳይሽ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ትከፍታለች። አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ከኋላዋ ግድግዳውን የሞላው ደግሞ የእናት ፊት ነው። በዚሁ ጠረጴዛ፣ በዚሁ ወንበር፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ።

ቀኑን ታስታውሰዋለች። ልጅቷ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ለማስታወሻ ላስቀርሽ ነው» ብላት ነበር። እሷም ለማስታወሻ ከሆነ ብላ ፀጉሯን አስተካክላ ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ማውሱን አንድ ቁልፍ ላይ አድርሳ ቆማለች። ትቆያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልትጫን ትልና ትተዋለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እዩዋት፣» ይላል የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «አንዲት ቁልፍ ላይ ስንት ሰዓት! ጠፍቷታል።»

«ውይ፣ ምስኪን!» ይላል አንዱ። ሌሎቹ ይስቃሉ። ክፋት ያለበት ሳቅ አይደለም፤ ሕፃን ጫማውን አዟዙሮ ሲያደርግ የሚሳቀው ዓይነት ነው። ልጅቷም አብራ ትስቃለች።

እናት ታያለች። አልጠፋትም ነበር። «አስ» ብላ፣ «አስቀ» ብላ፣ «አስቀምጥ» ላይ የደረሰችው ያን ቀን ነው። አስተማሪዋ አጠገቧ ሳይኖር፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር። ይኼ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው እሷ ስታነብ ነው። ስታነብ አይተው ነው ቃላቱን ያነሡት።

ከፊቷ ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቁ የተጻፈ አለ። ዓይኗ ሳታዘው ሄዶ ያርፍበታል። ማንበብ። የማትችል። ተጠቃሚ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

«ከሥሬ የተጻፈው ምን ይላል?» ትጠይቃለች።

የልጅቷ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ቪዲዮውን ይዘጋዋል። «'ጀግናዋ እናቴ' ነው የሚለው» ትላለች። ጎንበስ ብላ ግንባሯን ትስማታለች።

«እንዲያ ነው የሚለው?»

«እንዲያ ነው። ምነው፣ አነሰሽ?» ትስቃለች።

አሁን መናገር ትችላለች። አፏም ተከፍቷል። ያገዳት ግን እፍረት አይደለም። ይህች ልጅ ፊደል ከቆጠረችበት ጊዜ ጀምሮ እዚህ ቤት የገባ ጽሑፍ ሁሉ በእሷ አፍ በኩል ነው ያለፈው። ከትምህርት ቤት የተላከው፣ «ጎበዝ ናት ይላል»። አባቷ ከሄደበት የላከው፣ «ናፍቃችሁኛል ይላል»። ሐኪሙ የጻፈው፣ «ምንም የለብሽም ይላል»። እናት እያንዳንዱን ሰምታ፣ አምና፣ አንዳንዱን አልቅሳበት ነው የተኛችው።

«ውይ፣ ልረሳው!» ልጅቷ ከቦርሳዋ የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ ታቀብላታለች። «የደም ግፊትሽን መድኃኒት ቀይረውልሻል። አወሳሰዱን ጎኑ ላይ ጽፈውበታል። ምን እንደሚል ላንብብልሽ፤ አምጪው።»

እናት ካርቶኑን ይዛለች።

«አምጪው እንጂ እማዬ።»

የልጅቷ ጣቶች የካርቶኑን ጫፍ ይዘው ይስባሉ። ጨዋታ መስሏት ትስቃለች፤ ደግማ ትስባለች። እናት አትለቅም።