ለግራ ክንፍ የተተወው ቦታ

የክለቡ የምንጊዜም ምርጥ የግራ ክንፍ ተጫዋች እሷ ናት። ይህን እስካሁን ያለ ሰው የለም፤ እሷም ብትሆን ለራሷ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግራው አታውቅም። ዛሬ ግን ልታስብለው ነው የመጣችው። ሳታስብል ከዚህ ስፌት ቤት ንቅንቅ አትልም።

ባነሩ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ወርዶ ወለሉን ሞልቶታል። እንዳያቆሽሹት ሁለቱ ደጋፊዎች፣ ፀጉር አስተካካዩና በያጁ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ቆመዋል፤ የበያጁ ካልሲ አውራ ጣቱን ለሕዝብ አሳይቷል። ባነሩ ላይ የክለቡ የምንጊዜም ምርጥ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ቅጽል ስም ይሰፋል። አሥሩ ተሰፍቷል። የግራ ክንፉ ቦታ ብቻ ባዶውን ቀርቷል፤ ነገ ደግሞ ጨዋታ አለ። ልብስ ሰፊው አባቷ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። "ተስማሙና ስሙን ስጡኝ" ብሏቸዋል።

"አቧራ ነው" ይላል ፀጉር አስተካካዩ። "ሌላ ምን ያከራክራል? ተከላካዩ ዓይኑን ጠርጎ ሳይጨርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት።"

"አቧራ እኮ ሮጦ ሮጦ ሲያበቃ ኳሷን ከኋላ ረስቷት ነው የሚደርሰው" ይላል በያጁ። "ሙጫን ንገረኝ። ኳስ አንዴ እግሩ ላይ ከተጣበቀች ከዳኛ ፊሽካ በቀር የሚያላቅቃት አልነበረም።"

"ጓደኞቹም ማላቀቅ አልቻሉማ። አጥቂዎቻችን እኮ ዘመድ ከክፍለ አገር እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ነበር የሚውሉት።"

"ሁለቱም ግን—" ትላለች ልጅቷ።

"አንቺ ደግሞ የት አየሻቸው?" ፀጉር አስተካካዩ ዞር እንኳ አላለላትም። "አቧራ ጫማ ሲሰቅል እናትሽ ገና አላገባችም። የቤቱን ሕግ ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። በወሬ የሚሟገተው በዝቶ አንድ ቀን ወንበር ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ በዓይን ያላዩትን ተጫዋች ማወደስም ማጣጣልም ክልክል ነው። በዚህ ሕግ አፏን ስንቴ አስይዘዋታል። ዛሬ ግን ይህንኑ ሕግ ተማምና ነው የመጣችው።

"እሺ፤ በዓይኔ ያየኋትን ልናገር?"

"ያየኋ*ት*ን?" ይላል በያጁ።

"ትንኝን። የክለቡ የሴቶች ቡድን የግራ ክንፍ።"

ልጅቷ ኳስ እንደምትጫወት ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሜዳ ላይ ማን እየተባለች እንደምትጠራ ግን ጠይቀዋት አያውቁም። እሷም ለመንገር አልቸኮለችም።

ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ይስቃል። "ትንኝ ብለን ባነር ልንሰቅል? ተጋጣሚዎቻችን ፍሊት ይዘው ይመጣሉ።"

"አይተዋት ያውቃሉ፣ ጋሼ?"

"የት አየኋትና?"

"እንግዲያው ማጣጣል አይችሉም። ክልክል ነው።"

ልጅቷ ወደ በያጁ ዞራለች። "እርስዎስ፣ ጋሼ?"

"ሴቶቹ የሚጫወቱት ቅዳሜ ጠዋት፤ እኛ እኮ ሥራ ላይ ነን" ይላል፣ ጣቱን ካልሲው ውስጥ ለመመለስ እየታገለ።

"ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው። ወንበሩ ባዶውን ነው የሚያየን።" ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ አብዶ የሠራችው ለባዶ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ነገ ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው ስሟን ያነባል። ማን እንደሆነች ባያውቅም ያነባል፤ ለጊዜው ይበቃታል።

"ምን ታደርጋለች ታዲያ?" ይላል ፀጉር አስተካካዩ፣ ያልጓጓ ለመምሰል እየሞከረ።

"ትከሻዋን ወደ ውስጥ ትጥላለች። ተከላካይዋ ትከሻውን አምና ስትሄድ፣ እሷ በውጭ በኩል አልፋለች። ባለፈው አንዷ ቀይሩኝ ብላ አሠልጣኟን ለመነች።"

"አትቀባጥሪ።"

"በዓይኔ ነው ያየሁት። ያውም በጣም ቀርቤ።"

ሁለቱ ሰዎች ይተያያሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሙጫ ከሚሰፋ ትንኝም ዝንብም ብትሰፋ አይጠላም። በያጁም ስለ አቧራ እንደዚያው ነው። ልጅቷ ይህንንም ቀድማ አስባበታለች።

"ያያትና የሚቃወም አለ?" ወገቧን ይዛ ትጠብቃለች። "በቃ፣ አባዬ፣ ስፋው። ትንኝ። ሦስት ፊደል ነው፤ ጨርቅም ይተርፍሃል።"

አባቷ መቀሱን አላነሳም። ስፒሎቹን ከከንፈሩ እያወጣ አንድ በአንድ መሰኪያው ላይ ሰካቸው።

"እኔ አይቻታለሁ" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ክር ልግዛ ብሎ ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ልጅቷ ግን ክር ይዞ ሲመለስ አይታው አታውቅም።

"የት?" አለች።

"ከማዕዘኑ በኩል፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ። ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም።"

ዓይኗን አንድ ነገር ቆጠቆጣት። ቢሆንም ጉዳይዋን በእንባ የምታስበላ ልጅ አይደለችም። "ታዲያ ንገራቸዋ" አለች፣ አገጯን ወደ ሁለቱ ሰዎች እየቀሰረች።

"ፈጣን ናት። አብዶዋም ያምራል" አለ አባቷ። ልጅቷ ፀጉር አስተካካዩን፣ ሰሙ አይደል በሚል ዓይን አየችው። አባቷ መነጽሩን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ።

"ኳስ በተነጠቅሽ ቁጥር ግን ከዳኛው ጋር ትጨቃጨቂያለሽ እንጂ አትመለሺም። አንቺ ስትጨቃጨቂ፣ ከኋላሽ ያለችው ልጅ ናት ያንቺንም የራሷንም ቦታ ስትሮጥ የምትውለው። የዚያችን ልጅ ስም ንገሪኝና ልስፋው።"