አልሳብ ያለው ቾክ

ሹፌሩ አሮጌ ታክሲያቸውን ሠላሳ ሁለት ዓመት ነድተዋታል። ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ስለሚቀዘቅዝ ከመሪው ሥር ያለውን ቾክ የሚባል የማስነሻ እጀታ ሳብ ያደርጉላታል፤ እሷም እንደ አሮጊት ሁለቴ ስላ ትነሣለች።

«እሷ ቆመች ማለት እኔ ቆምኩ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ቾኩ አልሳብ አለ።

«ዘንድሮ ዝገቱ ቤታችን ድረስ ገብቷል» አሉ አንድ ጠዋት። እውነትም የበሩ መቀርቀሪያ ጠጥሮባቸው ነበር። የውሃው ቧንቧም፣ የማር ጠርሙሱ ክዳንም እንደዚሁ።

ባለቤታቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉላቸው፣ «እርጥበቱ ይሆናል፤ እሱ አንድዬ ያውቃል» አሉ።

አብረው ወደ ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩን ፒንሳ ከእጁ ስለማይለይ ሰው ሁሉ ፒንሳው ነው የሚለው። ኮፈኑን ከፍቶ የቾኩን ገመድ ከካርቡሬተሩ ላይ ፈታ፣ ሽቦውን ከሽፋኑ መዝዞ ወለወለ፣ ዘይት ቀባብቶ መልሶ አሰረው።

«እስቲ ይሞክሩት ጋሼ።»

ሳቡት። አልመጣም። ደግመው ሲስቡ ግንባራቸው ወዛ።

«ዘይት ነው ወይስ ውሃ የቀባኸው?»

ፒንሳው ጎንበስ ብሎ ቾኩን ነካ አደረገ። ቀና ሲል በሹፌሩ ትከሻ አሻግሮ ባለቤታቸውን አየ።

«ልክ ነዎት፣ ጠጥሯል» አለ ቀስ ብሎ። «የዛሬ ሳምንት ይምጡ፣ አዲስ ገመድ አስገባለሁ።»

በሳምንቱ አዲስ ገመድ አስገባ። ሹፌሩ ሳቡት፤ ያው ነው።

«አዲስ ብሎ አሮጌውን መልሶ ከተተልኝ! ሌባ! ባባቱ ዕድሜ ባለ ሰው ይቀልዳል?»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ መዶሻቸውን አስቀምጠው ዞሩ።

«ምነው፣ አፍህን ምን ዘጋው? መልስላቸው እንጂ» አለው አብሮት የሚሠራ ጓደኛው። ፒንሳው በእጁ ያለውን ፒንሳ አገላበጠ።

«በቃ፣ ሌላ መካኒክ እንፈልጋለን» አሉ ባለቤታቸው። «እስከዚያ እሷም ትረፍ፣ አንተም እረፍ።»

«እቤት ልዋል? ከዚያስ በቁሜ ቅበሪኝ!»

«እስክትጠገን ነው እንጂ፣ አንተ ደግሞ።»

«እስክትጠገን» አሉ ሹፌሩ። ቃሉን እንደ መድኃኒት ዋጡት፤ ትንሽ ቀለል አላቸው።

እጃቸውን ሊታጠቡ ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። ሰደቡኝ ሳይል ፒንሳው ተከትሏቸው ሄደና ቧንቧውን ከፈተላቸው።

ባለቤታቸው መሪው ፊት ተቀመጡ። ቾኩን በትንሿ ጣታቸው እስከ ጫፉ ሳቡት፤ ሹፌሩ ፊታቸውን ከመመለሳቸው በፊትም ወደ ቦታው ገፋ አድርገውት ወረዱ።