የአማቷ ጀርባ ላይ የታዩት ክብ ምልክቶች

«እጅሽን ከእናቴ ላይ አንሺ…»

በሩን በርግዳ የገባችው የባሏ እህት ናት። ከኋላዋ ባሏና አንዲት ፖሊስ አሉ።

ምራትየዋ ክው አለች። የአማቷን ፀጉር እያጠበች ነበር፤ እጇ አረፋ በአረፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው…

በዚያው ሳምንት የባሏ እህት ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ ለቀቀች። የአሮጊት ጀርባ… ክብ ክብ ሆኖ የበለዘ።

ከሥሩ «የወንድሜ ሚስት እናቴን እንዲህ አድርጋ ትደበድባታለች» ይላል።

በቃ… አገር ምድሩ ተነሳባት።

ሼር፣ ስድብ፣ እርግማን። የምትሠራበት ፀጉር ቤት ድረስ ሄደው ቪዲዮ የቀረጿት አሉ። ባለቤቲቱም «ደንበኛ እየሸሸብኝ ነው፣ ለጊዜው ቤትሽ ቆዪ» አለቻት።

«የዋግምት ምልክት ነው፤ ትከሻቸውን ሲያማቸው ተደርጎላቸው ነው» ብላ ምራትየዋ ጻፈች።

ማን ሰምቷት… «ውሸታም» ተባለች።

ባሏ እንኳ ፊቱን አዞረባት።

ለአማቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ይህን ሰምተው ቢታመሙብኝስ ብላ ፈራች።

ፖሊሷ ወንበር ስባ አሮጊቷ ፊት ተቀመጠች። ፎቶውን አሳየቻቸው።

«እናቴ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ይሄማ ዋግምት የተደረግኩ ቀን ነው። ሰውየው ኩባያውን ጀርባዬ ላይ እየደፋ ሲስብልኝ በልዞ ነው። አሁን እኮ ጠፍቷል።»

«ማን ወሰደዎት?»

«ልጄ ናታ… ይቺው።»

በር ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ጠቆሙ።

«ፎቶውንም ያነሳችኝ እሷ ናት። ለሐኪም አሳየዋለሁ ብላኝ… ምነው፣ ምን አለ ሐኪሙ?»

ልጅቷ ከበሩ ወደ ውጭ አፈገፈገች።

ለምን አደረገችው? እናቷ በሰው ፊት «ምራቴ ከወለድኳት ትበልጥብኛለች» ማለታቸው አንገብግቧት። ይኸው ነው።

ባልየው እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ምራትየዋ ከለከለችው።

«የሌላው አይቆጨኝም። አንተ ግን… እናትህ እዚሁ አብረውህ እየኖሩ፣ እሳቸውን መጠየቅ አቃተህ?»

ልብሷን ሸክፋ ወጣች።

አሮጊቷም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አላቸው ልጃቸው።

«ልጄ ጋ» አሉት፣ ምራታቸው ወደወጣችበት በር እያመለከቱ።

ፖስቱ አሁን ጠፍቷል። ከእነዚያ ሁሉ ተሳዳቢዎች ግን «ይቅርታ» ለማለት የተመለሰ አንድ ሰው የለም። ሌላ የሚሰድቡት አግኝተዋላ…

ወገን፣ ለተጎዳ ሰው መቆርቆር ደግ ነው። ግን ተጎዳ የተባለውን ሰው ሳይጠይቁ መፍረድ መቆርቆር አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

እናንተ በምራትየዋ ቦታ ብትሆኑ ወደ ባላችሁ ትመለሱ ነበር? ፎቶውን ሼር ካደረጉት አንዱ ብትሆኑስ… ዛሬ ምን ትሏታላችሁ?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።