የማሕደር ማቆሚያ

የጫማው ሕግ ከወጣ ወዲህ ሕፃናት መንገድ ላይ የሚራመዱት በጻፉት ትእዛዝ ብቻ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ትእዛዙን ወለል ላይ በምትሄደው ሮቦት ይሞክሩታል፤ ከሰዓት ጫማቸው ያንኑ ተከትሎ ቤት ያደርሳቸዋል።

ወይንሸት ትምህርት ቤቱ በር ላይ በርከክ ብላ እጇን ዘረጋች። ልጇ ማሕደር ግን ዓይን ዓይኗን እያየቻት አልፋት ሄደች።

«ነገ ትእዛዝሽ ውስጥ እኔ ጋ ማቆሚያ አስገቢ፣ የኔ እናት» አለቻት፣ ከጎኗ እየሮጠች።

«የሚሰጡን አንድ ብቻ ነው እኮ። እሱን አስፋልቱ ጋ አስገባሁት፣ መኪና እንዳይገጨኝ።»

ወይንሸት እንባዋን ብትጠርግም ማሕደር አይታባታለች።

በማግስቱ ማሕደር በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመችና እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ማቆሚያዬን ላንቺ አደረግኩት!»

ወይንሸት ስማት ሳትጠግብ ጫማዎቹ ወደ አስፋልቱ መራመድ ጀመሩ።