በግራው የቆመው

«ሜሱላም፣ ሃያኛው። የአባቱ ስም አልተጻፈም። ዕዝራ ሕጉን ለሕዝቡ ሲያነብ በግራው የቆመ።»

ጮክ ብዬ አነብና በእርሳሴ ጠረጴዛውን አንዴ መታ አደርጋለሁ። መታ ማለት ልክ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። እዚህ አሳታሚ ቤት እርማት ሁልጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነበር፤ አንዱ ረቂቁን ያነባል፣ ሌላው ለኅትመት የተለቀመውን ገጽ በዓይኑ ይከተላል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንባቢም እኔ፣ ተከታይም እኔ ነኝ። የጎረቤት ክፍል ሰዎች ብቻዋን ማውራት ጀመረች ይላሉ አሉ። ይበሉ።

በግራዬ ያለው ባዶ ወንበር የጋሼ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጠው አንብበውልኛል። ከዋና አዘጋጁ ጋር ስማቸው እስከነአባታቸው አንድ ስለነበር፣ ሰዉ አዘጋጁን «ትልቁ»፣ ጋሼን «ትንሹ» ይላቸው ነበር። ትንሹ በዕድሜ አሥር ዓመት፣ በቁመት አንድ ስንዝር ይበልጡ ነበር እንግዲህ።

ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች መዝገብ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። የመጀመሪያውን እርማት አብረን ጨረስን፤ የመጨረሻው ለእኔ ቀረ። ሃያ አንዱን ሜሱላሞች አንብበው ያበቁ ዕለት ሻይ እየጠጣን፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሃያኛው ሰውዬ እኮ ምንም አልሠራም» አሉኝ። «ቆመ፣ በቃ። እሷንም ጻፉለት!» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን እንደሚሉኝ መች ገባኝ።

አሁን አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ለመጽሐፉ የደከሙ ሰዎች ስም ያለበት። ማዕረግ የለውም፣ ሥራ አይጠቅስም፣ ስም ብቻ ነው። በሕይወታቸው አንድም መጽሐፍ ላይ ስላልወጡ፣ የጋሼን ስም ከትልቁ ስም ሥር እንዲያስገቡልኝ ለቃሚዎቹን ለምኜ ነበር። ገብቷል። በላዩ ላይ ግን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከጎኑ «ተደግሟል» ይላል።

በሩ ገርበብ ይልና ትልቁ አንገታቸውን ያስገባሉ።

«አለቀልሽ? የማተሚያ ቤቱ ሾፌር ታች ቆሟል።»

«ይሄን ማን ሰረዘው?»

«እኔ ነኛ። ስሜ ሁለቴ ገብቶ! እንዲህ ብንለቀው አራሚ አላቸው ብሎ ማን ያምነናል?»

«የእርስዎ አይደለም። የጋሼ ነው።»

ገብተው ገጹን ያዩታል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለጋሼ ቀብር ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ቤቱን ዘግተው ሁላችንንም ይዘው የሄዱት።

«ውይ» ይላሉ ቀስ ብለው። «ግን እኮ በሌሎቹ መጻሕፍትም ላይ የሉም። ለምንድነው ያልነበሩት?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት፣ መልሱን የማውቀው እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ቤቱ የሠራተኞቹን ስም ማውጣት የጀመረ ሰሞን። ጋሼ ያነባሉ፣ እኔ አጎንብሼ እከተላለሁ። የመጀመሪያውን ስም አነበቡ። መታ አደረግሁ። ከዚያ ያንኑ ስም ደግመው አነበቡ። ቀና እንኳ አላልኩም። «ተደግሟል፣ ይውጣ» አልኩና ሰረዝኩት። አንባቢ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም፤ ደንቡን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ንባባቸው ቆመ፤ መነጽራቸውን የሚጠርጉ መስሎኝ ነበር። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ መታ አደረግሁ፤ ቀጥሉ። ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው መጽሐፍ ሁሉ ያንኑ ገጽ እየተከተለ ነው የወጣው።

«እኔ ነኝ ያወጣኋቸው» እላለሁ። «በገዛ እጄ። በአፋቸው አስነብቤ።»

እንባዬ መጣ። በሰው ፊት አላለቅስም፣ ግን መጣ።

ትልቁ ባዶው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይሉና ይተዉታል።

«አንድ ቀን እንኳ አልነገሩሽም?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

ታች መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል። ትልቁ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከተሰረዘው ስም ሥር ነጠብጣብ ይደረድራሉ፤ ይመለስ ማለት ነው። ከዚያ እጃቸው ይቆማል።

«እሺ፣ መለስናቸው። ማንኛችን ማንኛው እንደሆነ ግን አንባቢው በምን ይለያል?»

«ሜሱላሞቹን በምን ለየናቸው?»

ያዩኛል፤ እስክሪብቶውን ይሰጡኛል። «በይ ጻፊ። አንዴ አንብቢውና ይሂድ» ብለው ሾፌሩን ሊያቆዩልኝ ይወርዳሉ።

እጽፋለሁ። መጻፉ ብዙ ጊዜ አይፈጅብኝም። ወረቀቱን ወደ ግራዬ፣ ወደ ወንበሩ ጠጋ አድርጌ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስሙን፣ የአባቱን ስም። «የመጀመሪያው፤ መጽሐፉን ያዘጋጀ።» መታ።

ስሙን፣ የአባቱን ስም። «ሁለተኛው፤ በአራሚዋ ግራ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነበበ።»

እርሳሴን አነሣለሁ። መታ ካደረግሁ ልክ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ጥሩምባው እንደገና ይጮኻል። እርሳሱን እንደያዝኩ ስማቸውን ደግሜ አነባለሁ።